በጭብጨባ የማያልፍ ቦነስ

«እትዬ፣ ዛሬን ብቻ ዝም በይልኝ» አላት ታናሽ ወንድሟ ሸሚዙን እየተኮሰ። «ኮንትራቴ ሰኞ ያልቃል፣ ቋሚ ሊያደርጉኝ ነው። የባንኩን ፕሬዚዳንት ቦነስ ከነካሽበት እኔን ነው የሚነካኝ!»

«አንተ ሸሚዙን እንዳታቃጥለው» አለችው።

ወንድምዬው ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነው። እሷ ደግሞ ባንኮችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቆጣጣሪ ናት፤ ባልደረቦቿ «ሚስማር» ነው የሚሏት። አንዴ ከገባች የሚነቅላት የለም! ወንድሟ ባንኩ ውስጥ እንደሚሠራ ለአለቃዋ በጽሑፍ አሳውቃለች። አለቃዋ ግን «ለባለአክሲዮኖቹ ጉባኤ የምልከው ሌላ ታዛቢ የለኝም፣ ሂጂ» አላት። ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባንኩ ያበደረው ብድር አልመለስ ብሎት አበሳውን እያየ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ግን ቦነሱን እንደ አምናው ሊወስድ ተዘጋጅቷል። አዲሱ መመሪያ የኃላፊዎች ቦነስ ልኩ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ባለአክሲዮኖችም በወረቀት ድምፅ ይስጡበት ይላል። ቢጸድቅ እንኳን ግማሹ ሦስት ዓመት ይያዛል፣ ብድሩ ከተበላሸ ይቀራል። የጉባኤው አዳራሽ ውስጥ ግን ድሮም ዘንድሮም ሁሉም ነገር የሚያልፈው በጭብጨባ ነው።

«አጀንዳ ስድስት፣ የሥራ አመራር ማበረታቻ!» አለ የቦርድ ሰብሳቢው። «ዝርዝሩ አባሪ ሰባት ላይ አለ። ተቃውሞ አለ? የለም! በጭብጨባ!»

ቿ ቿ ቿ! ግማሹ ሰው ምሳ ሸትቶት ነው የሚያጨበጭበው።

ሚስማር እጇን አወጣች። ሰብሳቢው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ማይክ የሚያዞረው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወንድሟ! ሁለት እርምጃ ነው የሚርቃት። ፕሬዚዳንቱን አየው፤ ፕሬዚዳንቱ «እንዳትሰጣት» በሚል ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ልጁ ክው ብሎ ቀረ።

እሷም አልጠበቀችውም፣ ወንበር ላይ ወጣች።

«አባሪ ሰባት ማን እጅ ላይ አለ?»

ሁሉም ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ከኋላ አንዲት ጡረተኛ መምህርት «የኔ ስድስት ላይ ያልቃል!» አሉ። «የኔም!» «የኔም!»

«እህቴ፣ ምሳው እየቀዘቀዘ ነው» አለ ሰብሳቢው እየሳቀ። «ደግሞ እርስዎ ታዛቢ ነዎት።»

«ታዛቢ ነኝ። ልኩ ሳይነበብ ካለፈ ቃለ ጉባኤው ላይ አልፈርምም። እኔ ካልፈረምኩ አምስት ሳንቲም አትወጣም። ምሳውን ያሙቁት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው ግንባሩን ጠርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አነበበ።

«አሥራ አራት ሚሊዮን።»

«ለስንት ሰው?» አሉ መምህርቷ።

«ለ... ለአንድ።»

እንዴ! መምህርቷ ተነሱ፤ ድምፃቸው ግን ጫጫታው ውስጥ ጠፋ። ይሄኔ ወንድምዬው ተንቀሳቀሰ። ማንም ሳያዘው፣ ፕሬዚዳንቱ ዓይኑን እያፈጠጠበት፣ አዳራሹን አቋርጦ ማይኩን ሰጣቸው።

«ልጄ፣ እኔ የደረሰኝ የዓመት ትርፍ ለጫማ አልበቃኝም» አሉ መምህርቷ። «ወረቀት አምጡ!»

ወረቀት መጣ። ትልልቆቹ ባለአክሲዮኖች ድምፃቸው ይበልጣልና ቦነሱ በጠባብ ብልጫ ጸደቀ፤ ግን ግማሹ ሦስት ዓመት ታሰረ። ሚስማር ጸሐፊው አጠገብ ቆማ ልኩን በፊደልም በአኃዝም አስጻፈች፣ ከዚያ ፈረመች።

«አሁን ደስ አለሽ?» አላት ፕሬዚዳንቱ በር ላይ።

«ከሦስት ዓመት በኋላ ይጠይቁኝ» አለችው።

ሰኞ ወንድሟ ከባንኩ ደወለ።

«ቋሚነቱ ቀረ፣ ኮንትራቱንም አላደሱልኝም እትዬ።»

«ለምን አሉህ?»

«ምንም። እኔም ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ አልኳቸው። እስኪሰጡኝ ከሰው ኃይል ቢሮ በር ንቅንቅ አልልም።»

«ወንበር አለህ?»

«አለኝ።»

«በል ተደላድለህ ተቀመጥ» አለችና የአቤቱታ ፎርም ከመሳቢያዋ አወጣች። «ሙሉ ስምህን በል፣ ልጻፍ።»