ሰልፍ በፍልሰታ

ሩሐማ ያቺን ረቡዕ ለማግኘት ሁለት የዕረፍት እሑዶቿን ለሰው ሰጥታለች። የምትሠራው ሲያትል ውስጥ፣ ካፒቶል ሂል በሚገኝ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው፤ በዚህ ወር ሆቴሉ ጢም ብሎ ስለሚሞላ ፈረቃ የሚቀይር ሰው አይገኝም። ሚሪያም የምትባለው ባልደረባዋ እሺ ባትላት ኖሮ ነገሩ ጭራሽ አይሆንም ነበር።

ረቡዕን የፈለገችው ለአማቷ ነው። ወይዘሮ ባየሽ ልጃቸውን ኪዳነ ወልድን ሊጠይቁ ከደብረ ብርሃን ከመጡ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው፤ እሑድ ይመለሳሉ። በነዚህ ወራት ያዩት አሜሪካ ኬንት ያለውን አፓርታማ፣ ቤተ ክርስቲያኑን እና ሬኒየር ቫሊ ያለውን የሐበሻ ሱቅ ነው። ኪዳነ ወልድ የረጅም መንገድ ትራክ ስለሚነዳ አንዴ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። ሩሐማ ደግሞ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ትሮጣለች። ሴትዮዋ ቅሬታ የሚያሰሙ ዓይነት አይደሉም። ይበልጥ ያስጨነቃትም ይሄው ነው፤ የማይናገር ሰው በሆዱ ምን እንደያዘ አይታወቅም።

ከቤታቸው ብዙም የማይርቀውን የመዝናኛ ፓርክ መረጠች። የስምንት ዓመቷ ልጇ ማርያማዊት ሄዳ አታውቅም፤ ሩሐማ ራሷም አታውቅም። ሚሪያም ግን ልጆቿን በየዓመቱ ስለምትወስድ ምክሯን አልነፈገቻትም።

«በሩ ሲከፈት እዚያ ሁኚ» አለቻት። «ሰው ሁሉ ከፊት ነው የሚጀምረው፤ አንቺ በቀጥታ ወደ ኋላ ሂጂና ከዚያ ጀምሪ። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ አያስጠጋሽም። ሶ ምሳ ምናምን ብላችሁ እንዳትቀመጡ፤ እየሄዳችሁ ብሉ።»

ሩሐማ ምክሩን ቃል በቃል ያዘችው። ሚሪያም አማት ይዛ ሄዳ እንደማታውቅ ያን ጊዜ አልታሰባትም።

ጠዋት ሊወጡ ሲሉ፣ «እማማ፣ የሆነ ነገር ቀመሱ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ቀምሻለሁ፤ ስለ እኔ አታስቢ» አሉ ወይዘሮ ባየሽ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እያጣፉ።

ፍልሰታ ነበር። አማቷ ከልጅነታቸው ጀምሮ በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ባፋቸው አይዞርም። የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ግን የንስሐ አባታቸው ጠዋት ቀምሰው መድኃኒቱን እንዲውጡ አዝዘዋቸዋል። ይህን ለሩሐማ የነገራት ኪዳነ ወልድ ነው። ስለዚህ «ቀምሻለሁ» ሲሏት አመነቻቸውና የመኪናውን ቁልፍ አነሳች።

ቀኑ የሲያትል የማይመስል ሙቀት ነበረው። ከተራሮቹ ማዶ የሚነደው ደን ጭሱ እስከዚህ ደርሶ ሰማዩን አደፍርሶታል። በሩ ሲከፈት ሩሐማ የማርያማዊትን እጅ ይዛ ወደ ፓርኩ ጀርባ ገሠገሠች፤ ወይዘሮ ባየሽ በአዲሱ ስኒከራቸው ከኋላ ተከተሏት። መጀመሪያ በትንሹ ባቡር፣ ቀጥሎ በሚሽከረከሩት ወንበሮች፣ ከዚያ እየተላተሙ በሚነዱት ትንንሽ መኪኖች ተሳፈሩ። ከእያንዳንዱ ፊት ሰልፍ አለ፤ ሰልፉ ላይም ጥላ የለም። አንዱ ሳያልቅ ሩሐማ ስልኳን አውጥታ የሚቀጥለውን ሰልፍ ርዝመት ታያለች።

«እማማ፣ ደከመዎ እንዴ? ትንሽ እንረፍ?» ትላቸዋለች፣ እግሯ ግን አይቆምም።

«ኧረ ምን ደክሞኝ። ሂጂ፣ ልጅቷ እንዳይቀርባት።»

ውኃ ስታቀብላቸው፣ «ኋላ እጠጣለሁ» ብለው ጠርሙሱን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። በትንንሾቹ መኪኖች እየተላተሙ የሚስቁትን ጎልማሶች ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ ለአንዲት አፍታ መደንገጥ! እንደው የደላው ሕዝብ» አሉ። ሩሐማ ሳቀች። ቀኑ የሰመረላት መሰላት።

ወደ ትልቁ ክብ መንኮራኩር ሲሄዱ ማርያማዊት እጇን ጎተተቻት። «ማሚ፣ አያቴ ታየርድ ናት።»

«ይቺን ብቻ። ከላይ ሆነው ተራሮቹን ይዩ፤ ከዚያ እናርፋለን።»

ሰልፉ ከሁሉም የረዘመው እዚያ ነበር። ግማሽ ያህሉን እንደሄዱ ወይዘሮ ባየሽ የብረት አጥሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሩሐማ ዞራ ስታያቸው ከንፈራቸው ነጥቷል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «እማማ?» አለች። አጥሩን እንደያዙ ወደ መሬት ወረዱ።

ሩሐማ ዘልላ ጭንቅላታቸውን ደገፈች። ከኋላ የነበሩት ሰዎች ሰልፉን ትተው ቦታ ለቀቁ፤ አንዱ ሠራተኛ ለመጥራት ሮጠ። ማርያማዊት ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ሩሐማ በአንድ እጇ ለኪዳነ ወልድ ደወለች፤ አያነሳም። ሞንታና ውስጥ ኔትወርክ የሌለበት መንገድ ላይ እንደሚሆን ታውቃለች፤ ሆኖም ደግማ ደወለች። እናቱን አደራ የሰጠው ለእኔ ነው፣ አደራውን በላሁ፣ ከማለት በቀር ሌላ ሐሳብ አልመጣላትም።

የመጀመሪያ ርዳታ የምትሰጠው ሴት ጎልማሳና ረጋ ያለች ነበረች። ወይዘሮ ባየሽን ከሁለት ሰው ጋር ደግፋ ከዛፍ ሥር አጋደመቻቸው፤ እግራቸውን በቦርሳ ከፍ አድርጋ ግፊታቸውን ለካች። ቁጥሩን አይታ ፊቷን ኮስተር አደረገች። በጣም ወርዷል።

«መቼ ነው የበሉት በያት» አለቻት ሩሐማን።

ሩሐማ ወደ አማርኛ መለሰችላቸው። ወይዘሮ ባየሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ትናንት ማታ» አሉ።

«ጠዋት ቀምሻለሁ አላሉኝም?»

«ብያለሁ። እንዳላጓጉላችሁ ብዬ ነው።»

«መድኃኒቱንስ?»

«ውጬዋለሁ። በምራቄ።»

ሩሐማ ይህን ለሴትዮዋ ተረጎመችላት። ሴትዮዋ ጭማቂና ጨው ያለው ብስኩት አወጣች። «አሁኑኑ መጠጣት አለባቸው። ካልጠጡ አምቡላንስ እጠራለሁ።»

ወይዘሮ ባየሽ ጭማቂውን በእጃቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «ሰዓቱ ደረሰ?»

«አልደረሰም። ግን የታመመ ሰው እኮ አይገደድም፤ የንስሐ አባትዎ ራሳቸው ፈቅደውልዎታል።»

«አውቃለሁ። ይሄ ግን ስለት ነው።»

«የምን ስለት? ለማን?»

ርዳታ ሰጪዋ ሬዲዮዋን አወጣች። ሩሐማ እጇን ዘርግታ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ብላ ለመነቻት።

«ላንቺ ነው» አሉ ወይዘሮ ባየሽ በመጨረሻ። «ቤትሽ ከገባሁ ጀምሮ ተቀምጠሽ ስትበዪ አላየሁሽም። ቆመሽ ትጎርሻለሽ፣ ጫማሽን እያሰርሽ ታወሪያለሽ፣ ልጅሽን ስትስሚ እንኳ ዓይንሽ በሩ ላይ ነው። እመቤቴን፣ ይችን ልጅ ዕረፍት ስጫት፣ ፍልሰታን ያለ አንዳች ማጉደል እጾምልሻለሁ፣ አልኳት።»

የሩሐማ እንባ መጣ፤ ቁጣም አብሮት መጣ። «እኔ እኮ የሮጥኩት ለእርስዎ ብዬ ነው» አለች። «ምንም ሳያዩ እንዳይሄዱ ብዬ።»

«አየሁ እኮ። አንቺን አየሁ።»

«እባክዎ ይጠጡ። አንድ ነገር ቢሆኑብኝ እኔ ለኪዳነ ወልድ ምን ብዬ ልነግረው ነው?»

ወይዘሮ ባየሽ አተኩረው አዩዋት። ሩሐማ እስካሁን በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካ፣ ስልኳን በእጇ ይዛ፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀች ነበረች። «እስቲ ቁጭ በይ» አሏት። «ደህና አርገሽ። እጠጣለሁ።»

ሩሐማ ስልኩን ሣሩ ላይ ጣለችና እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ወይዘሮ ባየሽ አማትበው፣ ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰው፣ ጭማቂውን በትንሽ በትንሹ ጠጡ። ብስኩቱ የጾም መሆኑን ግን ሩሐማ ከጀርባው እስክታነብላቸው አልቀመሱትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ለሩሐማ ከሰልፉ ሁሉ ረዘመባት። ዓይኗን ከአማቷ ከንፈር ላይ አላነሳችም፤ ሲያዛጉ ትደነግጣለች፣ ዝም ሲሉ ትጠራቸዋለች። ርዳታ ሰጪዋ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ለካች። በሁለተኛው ጊዜ፣ ጥሩ ነው፣ ነገ ግን ሐኪም ይያቸው፣ አለች። ማርያማዊት መንኮራኩሩ ላይ እንደማይወጡ ሲገባት አኮረፈች፤ ኋላ ጭንቅላቷን አያቷ ጭን ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። ወይዘሮ ባየሽ ፀጉሯን እየዳሰሱ፣ በዛፉ ጥላ ሥር ሆነው የሚያልፈውን ሰው በእርጋታ ያዩ ነበር።

ኪዳነ ወልድ መልሶ ሲደውል ወይዘሮ ባየሽ በጣታቸው ዝም በይ ብለው ምልክት ሰጧት። ሩሐማ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። «አንቺስ ደህና ነሽ?» አላት። ይህን እጠየቃለሁ ብላ አልጠበቀችም። ከዚያ እናቱን አቅርቢልኝ አላት፤ ምን እንዳላቸው ባትሰማም ወይዘሮ ባየሽ ጥፋት እንደተገኘበት ሕፃን «እሺ፣ እሺ» ሲሉ ሰማች።

በማግሥቱ ሐኪሙ መድኃኒታቸውን ቀነሰውና ለበረራ ደህና ናቸው አለ። ሩሐማ አላመነችውም። ኤርፖርት አድርሳቸው ስትመለስም፣ አውሮፕላኑ አየር ላይ ሳለም፣ ስልኳን ደጋግማ ታይ ነበር። ስለቱስ ምን ሆነ ብላ ስትጠይቃቸው፣ «እሱን ለእኔና ለእመቤቴ ተዪው» ነበር ያሏት።

ማክሰኞ፣ ሥራ ላይ ሳለች ስልኳ ጠራ። ከደብረ ብርሃን ነው። እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው ፊት ለፊቷ ቆመዋል። ሚሪያምን፣ ያዢልኝ፣ ብላ ወደ ኋላ ክፍል ገባች።

«በሰላም ገባሁ» አሉ ወይዘሮ ባየሽ። «ሥራ ላይ ነሽ መሰለኝ፣ ልተውሽ?»

«የለም፣ ይንገሩኝ» አለች ሩሐማ፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሳቸውም ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎረቤቶቻቸው፣ ስለ ደብረ ብርሃን ዝናብ አንድ በአንድ ነገሯት።