በብሎን የሚከፈት ስልክ

ሰዓት ሠሪው ዕድሜውን ሙሉ የናቀው አንድ ነገር ነው፤ ጀርባው የማይከፈት ዕቃ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰዓት ሲያመጡለት ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ክዳኑን ፈልቅቆ ሆድ ዕቃውን ያይ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ልጁ የገዛለት ስልክ ግን ዙሪያውን በማጣበቂያ የታሸገ ነበር። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡን ለቄስ።

"የት እንዳለህ በካርታ አይሃለሁ፣ አታስብ አባዬ" አለው ልጁ።

ሽማግሌው አላሰበም፤ ተናደደ እንጂ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ሰላይ በኪሱ የያዘ ይመስለው ነበር።

በሦስተኛው ወር ባትሪው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ማለቅ ጀመረ። ጥገና ቤት ቢወስደው፣ "ይሄ አይከፈትም አባባ፤ አዲስ ቢገዙ ይሻላል" አሉት። የማይጠግን ጠጋኝ። ቤቱ ገብቶ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካና የሰዓት ክዳን የሚፈለቅቅበትን ቢላ በጠርዙ ሰደደ። መስታወቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሰዓት ሠሪው ቅንጣት አልጸጸተውም።

"አንተም ዕቃ ሆነህ" አለና ሲም ካርዱን አውጥቶ የቀረውን መሳቢያ ውስጥ ወረወረው።

በማግስቱ ስልክ መደብር ሄዶ ሻጯን ጠየቃት። "ጀርባው በምን ይከፈታል?"

ሻጯ እየሳቀች ማንም የማይገዛውን ከታችኛው መደርደሪያ አወጣችለት። ወፍራም፣ ድፍን ጥቁር፣ ባለ ስድስት ብሎን። ባትሪውም ስክሪኑም ይቀየራል፤ የሚሠራበት ፕሮግራም ማንም እንዲያየው ክፍት ነው፤ የትልልቆቹን ኩባንያዎች አካውንት ካላወጣህ አልሠራም አይልም።

"ግን ካሜራው ደካማ ነው አባባ።"

"መልኬን አውቀዋለሁ" አላት።

አባቱ ያለበትን የምታሳየው ነጥብ ከካርታው በጠፋች በሁለተኛው ቀን ልጁ ከተፍ አለ፤ ሦስት ወር ሙሉ ደጁን ያልረገጠ ሰው። መሳቢያውን ከፍቶ የተሰነጠቀውን አየ፣ አዲሱን አየና ከንፈሩን መጠጠ።

"አባዬ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል። ብቻህን መኖር ይብቃህ። እኔ ጋ የጓሮ ክፍል አለ፤ ይሄን ቤት እናከራየዋለን።"

ሽማግሌው የሚፈራው ይህንኑ ነበር። በመስኮቱ ሥር ያለችውን የሥራ ጠረጴዛውንና በራሱ ቁልፍ የሚከፍተውን በር ማጣት። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ መፍቻ አነሳና ስድስቱን ብሎን እየፈታ በተራቸው ጨርቅ ላይ ደረደረ። ባትሪውን አወጣ፣ መለሰ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። እጁ እውነትም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መፍቻው ብሎኑ ላይ ሲያርፍ ግን ቀጥ ይላል። ስልኩ በራ።

ልጁ ቤቱን ስለማከራየት ዳግመኛ አላነሳም። "እሺ፣ ግን የት እንዳለህ በምን አውቃለሁ?" አለ።

"ትደውልልኛለህ" አለው አባቱ፣ ማጉያውን ከዓይኑ እያነሳ። "ሦስት ወር ሙሉ ነጥብ ስታይ ከረምክ። እኔ አንድ ቀን እንኳ ድምፅህን አልሰማሁም።"