የመዝሙሩ ተዝካር

ይህ የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። አንዲት የተቀጠፈች ቃል ብትገኝበት ደብረ ታቦር ኢየሱስ ደጁን ይዝጋብኝ። ዳዊት ላይ ስደርስ ከየኔታ የጠፋሁ ሰው ብሆንም፣ በዓይኔ ያየሁትን ለመጻፍ የቆጠርኳት ፊደል ትበቃኛለች።

ጣሊያን ከተማችንን በያዘ ዘመን ነው። ጎረቤታችን ሙላቴ ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ለንጉሡ መለከት ይነፋ ነበር። አገሩ ገብቶ እርሻ ከያዘ በኋላ፣ አንድ ቀን በሬዎቹን እየነዳ የንጉሡን መዝሙር ሲያፏጭ ተያዘ። የጣሊያኑ ሻምበል «ይረሸናል» አለ። ሚስቱ ፈንታነሽ ስንቁን ይዛ ከምሽጉ በር አልነሳ አለች።

በዚያው ሰሞን ሻምበሉ አገሩን ሰብስቦ፣ በአስተርጓሚው በገብረየሱስ አፍ ተናገረ።

«ከእንግዲህ የድሮውን መዝሙር ትታችሁ የሮማን ትዘምራላችሁ። ስትለውጡም ጄኔራሉ ከጎንደር መጥቶ ያያል።»

«የቱን ነው የምንተወው?» አሉ የደብሩ ቄስ አባ ንዋይ።

«የመንግሥታችሁን!»

«ጌታዬ፣ የቅዳሴውን እናውቃለን፣ የሰርጉን እናውቃለን፣ የአጨዳውንም እናውቃለን። እርስዎ የሚሉትን ግን ሰምተነው አናውቅም።»

እውነታቸውን ነው። ያ መዝሙር አዲስ አበባ በሰልፍ የሚነፋ እንጂ በእኛ አገር ገበሬ አፍ የገባ አልነበረም። የሻምበሉ ፊት በርበሬ መሰለ። ሕዝቡ ያልያዘውን ነገር ምን ብሎ ያስጥለው? በጄኔራሉ ፊት የሚጣል መዝሙር ያስፈልገዋል፤ መዝሙሩን የሚያውቀው ሰው ደግሞ እስር ቤት ነው።

እናም ሙላቴ ወጥቶ የተከለከለውን መዝሙር እንዲያስተምረን ታዘዘ፤ ተምረን እንድንተወው። ጄኔራሉ የሚገኝበት በዓል ካለፈ በኋላ ይረሸናል።

«ቀስ ብለህ አስተምረን፤ እኛም ደደብ እንሆንልሃለን» አልኩት።

«አንተማ ያለ ትእዛዝም ትሆናለህ» አለኝ።

ብንጎትተው ብንጎትተው ቀኑ ደረሰ። ጄኔራሉ ፊት ቆመን ዘመርን። ምን እንደነካን እንጃ፣ ሁላችንንም ውርር አደረገን። ወዲያው ሻምበሉ ጉድጓድ አስቆፍሮ የሙላቴን መለከት አስቀበረና «የድሮው መዝሙር ሞቷል!» ብሎ ጮኸ። ወታደሮቹ ሙላቴን ክንዱን ያዙት።

ፈንታነሽ ብድግ አለች።

«ሰልስቱ የት ነው የሚወጣው?»

«ምን አለች?» አለ ጄኔራሉ።

ገብረየሱስ ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም፤ የሐማሴን ሰው ነው፣ ወግ ያውቃል። «እዚህ አገር የሞተ ሰው በሦስተኛው ቀን ይታሰባል፤ ከዚያ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ አለ። ለመዝሙሩም ይገባዋል ነው የምትለው» አለ።

«ተዝካሩን ካላወጣንለት ሕዝቡ ሞተ ብሎ አያምንም፣ ጌታዬ» አሉ አባ ንዋይ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ፈንታነሽ ወደ ባሏ ጠቆመች። «አልቃሹ ደግሞ እሱ ነው። ሌላ ዜማውን የሚመራ የለንም።»

ጄኔራሉ ደስ አለው። የደብረ ታቦር ሰው የመዝሙሩን ሞት አምኖ ሊያለቅስለት ነው! «እስከ ሙት ዓመቱ ይቆይ» አለ። ለጠላው የሚሆን ገብስ ሳይቀር አዘዘልን።

በሰልስቱ ዘመርን። በአርባው ከገሳይ ሰው ጎረፈ። በሰማንያው ሐሙሲት ገበያዋን ፈታ መጣች፤ ከወንዛዬ ፍል ውኃ ገላቸው ሳይደርቅ የደረሱም ነበሩ። የመጣው ሁሉ ዜማውን ይዞ ይመለሳል። ሻምበሉ ነገሩ ቢገባውም፣ ጄኔራሉ የፈቀደውን ለቅሶ እንዴት ይከልክል? በመንፈቁ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዳር ቆሞ እንባውን ጠረገ።

ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ጣሊያን ራሱ ተከቦ እጁን ሰጠ። ሙላቴ በዚያ ጠዋት ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ «እንግዲህ ተዝካሩ ቀረ?» አላት ሚስቱን።

«ምን ሲደረግ! ጠላው ተጠምቆ?» አለች ፈንታነሽ።

ጠጣነው። እየጠጣንም ዘመርን።

አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፦ ሻምበሉ አላለቀሰም። ከቤቱ ርቆ የሰው ለቅሶ ሲጠብቅ የከረመ ምስኪን ነውና፣ እንባውን ያበደርኩት እኔ ነኝ።