ሁለት ጊዜ የተያዘ ክፍል

ሆቴሉ መግቢያ ላይ ካለው ሶፋ ሥር ተንበርክኬ የአባቴን የጫማ ማሰሪያ አላላሁለት። ጉልበቱ ከመንገዱ ርዝመት የተነሳ አብጧል።

"ክፍላችን አልተዘጋጀም እንዴ?" አለኝ፤ ፊቱን በግምት ወደ እኔ አዙሮ።

"ቁልፉን እያመጡት ነው፣ አባዬ።"

ቁልፍ የሚያመጣ ሰው አልነበረም። አባዬ ነገ ጠዋት የዓይን ቀዶ ሕክምና አለው። ባለፈው ደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ከሆስፒታሉ መልሰውታል፤ ሐኪሙም "ደግሞ ከፍ ካለ ተራው ለሌላ ሰው ይሰጣል" ብሎናል። ስለዚህ መጨቃጨቅ ያለብኝ በሹክሹክታ ነው።

ወደ እንግዳ መቀበያው ተመለስኩ። "እህቴ፣ እባክሽ እንደገና እዪልኝ። ምድር ወለል ላይ ያለ ክፍል ነው ያስያዝነው።"

እንግዳ ተቀባይዋ ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጠች። "በአባትሽ ስም ሁለት ክፍል ተይዞ ነበር። አንዱን ትናንት ሴት ደውላ አሰረዘችው።"

"እኔ ነኝ። ወንድሜም መያዙን ስሰማ የእኔን ተውኩት።"

"ሌላውን ደግሞ ዛሬ ወንድ ደውሎ አሰረዘው። 'እህቴ ይዛለች፣ ቅር እንዳይላት' ነው ያለኝ።"

እኔ ታላቄን ላክብር ብዬ፣ እሱ ታናሹን ላለማስቀየም ብሎ፣ አንዳችን ለሌላችን ትንፍሽ ሳንል። ከቤታችን ሀብት ሳይከፋፈል የወረስነው ይሉኝታን ብቻ ነው።

"አሁን ያለኝ ሦስተኛ ፎቅ ነው" አለች። "ሊፍቱም ተበላሽቷል።"

"በዚያ ጉልበት? እዚያ እስኪደርስ ግፊቱ ጣሪያ ይነካል!" ድምፄ አመለጠኝ።

"ልጄ!" አለ አባዬ ከሶፋው። "የታመመው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ እየሰማሁሽ ነው።"

ወደ እሱ ዞርኩ።

"ሁለት ልጅ ወለድኩ፣ ሁለት ክፍል ተያዘልኝ፤ ማደሪያ ግን የለኝም" ብሎ ብቻውን ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። የማየው አንገቱ ላይ የሚዘለውን የደም ሥር ነበር።

እንግዳ ተቀባይዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። "አባባ፣ እዚህ ከኋላ እኛ የምናርፍባት ክፍል አለች። አልጋዋ ጠባብ ናት፤ አንሶላ የምንተኩሰውም እዚያው ነው። ካልናቋት..."

"ደረጃ አላት?"

"የላትም።"

"እንግዲያው ቤተ መንግሥት ናት።"

ክፍሏ ውስጥ የታጠፈ አንሶላ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። ከግድግዳው ወዲያ የመቀበያው ስልክ ይጮኻል። አባዬን ትንሽ አሳርፌ የግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ጠቀለልኩለት። ጨርቁ እየጠበቀ ሲሄድ ቁጥሩን ተከታተልኩ።

"ለወንድምሽ እንዳትነግሪው፤ ይጨነቃል።"

"ሲለካ አይወራም ተብለሃል። እነግረዋለሁ።"

ቁጥሩ ቆመ። ሐኪሙ ከወሰነው ልክ በታች ነው፤ በጥቂቱ።

ለወንድሜ ደውዬ "ሁለታችንም ሰርዘናል" አልኩት።

"አሁኑኑ ልምጣ?"

"ጠዋት ና፤ አንተ ትደግፈዋለህ።"

አባዬ ግድግዳውን ይዞ ዞሮ ተኛ። ጨርቁን ጠቀለልኩ፣ ቱቦውን አጠፍኩ፣ መለኪያውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ዚፑን ዘጋሁት።