ለሐኪሙ ያልተነገረው

ባሌ ቃዱር ከፎቃችን ደረጃ ወድቆ ቀኝ ክርኑን ሲሰብር ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እኔ ራሕሙና ከወገቤ በታች ሽባ ከሆንኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ጠዋት ጠዋት አንገቱ ላይ እንጠለጠል ነበር፤ እሱ በቀኝ እጁ አልጋውን ገፍቶ ይነሳና ወንበሬ ላይ ያስቀምጠኝ ነበር። ከእሱ በቀር ወንድ ነክቶኝ አያውቅም።

ከሆስፒታል እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ ደስ ብሎት ተመለሰ።

«ቀዶ ጥገና አያስፈልግህም ተባልኩ። በኔ ዕድሜ ቀደው አጥንቱን በሽቦ ቢያስሩት ቁስሉ አልድን ሊል ይችላል። ቢተዉትም ሕመሙ ይጠፋል፣ እበላለሁ፣ ሸሚዜን እቆልፋለሁ። የሚቀንሰው የመግፋት ጉልበት ብቻ ነው።»

«ብቻ?»

«ሐኪሙ የምትገፋው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከስግደት ስነሳ መሬቱን እገፋለሁ አልኩት። ወንበር ላይ ስገድ ሐጂ፣ ይፈቀዳል አለኝ።»

«እኔስ? እኔን አልነገርከውም?»

እስከ ጆሮው ቀላ። «ሚስቴን ሽንት ቤት አደርሳለሁ ብዬ ለባዕድ ወንድ ላውራ? ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ!»

«በል እንግዲህ፣ ሐፍረትህ ያንሳኝ!»

በሃምሳ አንድ ዓመት ትዳራችን ሰው ፊት ስሜን ጠርቶ አያውቅም፤ «የልጆቹ እናት» ነኝ። ድሮ ይህን እወድለት ነበር። ተመልሰህ ንገረው ብዬ ለመንኩት፤ ነገ፣ ነገ እያለ ሁለት ወር አለፈ። በመጨረሻ ልጃችን ፈቲሐ ከኦራን ከተማ መጥታ ለሐኪሙ ነገረችው።

«ያኔ ባውቅ ኖሮ ሽቦ አስርበት ነበር» አላት ሐኪሙ። «አሁን ግን ጊዜው አልፏል፤ ከፍቼ አልነካውም።»

ሐኪሙ አልዋሸም። ቃዱር ሾርባውን ያለ ረዳት ይጠጣል፣ ሸሚዙን ይቆልፋል። አንድ ጠዋት ሊያነሳኝ ሲሞክር ግን ክርኑ ከዳውና ሁለታችንም ወለሉ ላይ ወደቅን። ጎረቤት እስኪሰማን ድረስ ቀትር ሆነ።

ዛሬ ፈቲሐ ልትወስደኝ መጣች። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ ቃዱር እዚሁ ትለምሰን ከተማ ይቀራል። ደረጃውን እንዲያወርዱኝ ከታች ካለው ጋራዥ ሁለት ወንዶች ተጠሩ። ቃዱር ሻሼን አመጣና በዚያው በዳነው እጁ ጸጉሬን ሸፈነልኝ፤ አገጬ ሥር ቀስ ብሎ ቋጠረው። ወንዶቹ አንዱ ብብቴን፣ አንዱ ጉልበቴን ይዘው ሲያነሱኝ ቃዱር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቀስ በሉ» አላቸው። «ራሕሙናን እንዳትጥሏት።»