ጉሙና መስታወት አልባዋ ካሜራ

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «ጉሙ» ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ፎቶ ቤት ከፍቶ የሰው ፊት ሲያሳምር ኖሮ፣ ይህን ስም ያተረፈው በአንድ ከሰዓት ነው። የአንድ ትምህርት ቤት መምህራንን አሰልፎ አነሳ፤ ፎቶው ታትሞ ሲመጣ አርባ ሁለት መምህር ጉም ውስጥ የቆመ መሰለ። ርዕሰ መምህሩ ፎቶውን አቅርቦም አርቆም አየና «እኔ የቱ ነኝ?» ብሎ ጠየቀ።

ዓይኑ ደክሞ ነበር። ግን ይህን ከማመን ማተሚያ ቤቱን መስደብ ቀለለው። በሳምንቱ ፎቶ ቤቱን ዘጋ፤ ካሜራዎቹን ሸጦ አንድ ሌንስ ብቻ በሱፍ ካልሲ ጠቅልሎ አስቀረ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራው የእኔን የፎቶ ሥራ መተቸት ሆነ።

መስታወት አልባ ካሜራ የገዛሁ ዕለት ተቀበለኝና አገላብጦ አያት።

«መስታወቷስ?»

«የላትም ጋሼ። የድሮዎቹ ውስጥ ምስሉን ወደ ዓይንህ የሚመልስ መስታወት ነበረ። በዚህች ግን የምታየው ትንሽዬ ስክሪን ነው።»

«እና ቴሌቪዥን እያየሽ ነው ፎቶ የምታነሺው?»

«እንደዚያ በለው።»

«ወይ ዘመን!» ብሎ ካሜራዋን መለሰልኝ፤ እጁንም ሱሪው ላይ ጠረገ።

ነገሩ የተገለበጠው በጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው። የክሊኒኩ ባለቤት የሆነው ሐኪም የአሥራ አንዱንም ሠራተኞች ፎቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ፈልጎ ቅዳሜ ጠዋት ጠራኝ። ተራ የሚጠብቁ ሕሙማን በሚቀመጡበት ክፍል፣ ነጩን ግድግዳ ተጠግቼ ካሜራዬን ተከልኩ። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ «ጥርሳቸው ጥርት ብሎ ይታይ።»

ሦስተኛዋን ሰው እያነሳሁ ሳለ የእንግዳ ተቀባይዋ ተረከዝ የካሜራውን መቆሚያ እግር ጠለፈው። ካሜራዋ በአፍጢሟ ወለሉ ላይ ተደፋች። አካሏ ደህና ነበር። በራሱ ፎከስ የሚያደርገው ሌንሷ ግን ባበራሁት ቁጥር «ክርርርር» ይል ጀመር፤ ቁርጥ የጥርስ መቦርቦሪያ! ጉንጩን ይዞ ተራ ሲጠብቅ የነበረ አንድ ጎልማሳ ድምፁን ሲሰማ ተነሥቶ ወጣ። አልተመለሰም።

ሌላ ሌንስ አልያዝኩም። የነበረኝ የድሮ ሌንስን ካዲስ ካሜራ ጋር የሚያጋጥም ቀለበት ብቻ ነው፤ ገዝቼው ዓመት ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ከማስቲካ ወረቀት ጋር ሲንከባለል ኖሯል። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ያን ሌንስህን ትልክልኛለህ?»

«ሌንሱ ያለ እኔ ከቤት አይወጣም።»

«እንግዲያው አብራችሁ ኑ።»

በሃያ ደቂቃ ውስጥ በነጠላ ጫማ ደረሰ፤ ካልሲውን እንደ ጨቅላ ደረቱ ላይ አቅፎታል። ሌንሱን በቀለበቱ አጋጠምኩት። ልክ ገባ። የማንሻ ቁልፉን ስጫን ግን ካሜራዋ «ሌንስ አልተገጠመም» ብላ እምቢ አለች።

«ምን አለች?» አለ አጎቴ።

«ሌንስ የለም ነው የምትለው።»

«ይኼን የሚያህል ብረት ጎርሳ? ዓይን የላትም እንዴ?»

የድሮ ሌንስ ከካሜራዋ ጋር የሚነጋገርበት ሽቦ ስለሌለው ነው። ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ «ያለ ሌንስም አንሺ» የሚለውን ፈቀድኩላት፤ እሺ አለች። አሁን ደግሞ ችግሩ እኔ ሆንኩ። ፎከስ በእጄ አድርጌ አላውቅም፤ እስከዛሬ ሁሉን ነገር ማሽኑ ሲያደርግልኝ ነው የኖርኩት። ሐኪሙን አስቀምጬ አምስት ጊዜ አነሳሁት። በአራቱ ጆሮው ጥርት ብሎ ፊቱ ጠፋ። በአምስተኛው ግድግዳው አማረ።

«ወዲያ በይ!» ብሎ አጎቴ ነጠቀኝ። ዓይኑን ካሜራዋ ላይ ለጠፈና ወዲያው ቀና አለ። «ይሄ ቀይ ምንድነው? ሰውዬው ደማ እንዴ?»

«የጠራውን ቦታ በቀይ እያሳየችህ ነው። ይህቺን ቁልፍ ደግሞ ስትጫን ታጎላልሃለች።»

ቁልፉን ተጫነ፤ የሌንሱን ቀለበት በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ አዞረ። ከዚያ ጣቱ ባለበት ቆመ። አጎቴ ሳይተች ሲቀር አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

«ጋሼ?»

«ሽፋሽፍቱ ታየኝ» አለ በቀስታ። «አንድ በአንድ።» አፍንጫውን በካልሲው ጠረገና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሰላሙ ግን ብዙ አልቆየም።

«አባባ፣ ጥርሱ ላይ ያድርጉት» አለ ሐኪሙ።

«ሰው ሲነሳ ፎከስ ዓይን ላይ ነው።»

«የዓይን ክሊኒክ አይደለማ!»

«እኔም የፈረስ ነጋዴ አይደለሁም፣ ጥርስ የማይ!»

ተረኞቹ ሕመማቸውን ረስተው አንገታቸውን አሰገጉ። እኔ ወለሉ ተከፍቶ በዋጠኝ ብዬ ተመኘሁ። አጎቴ የሌንሱን ቀዳዳ ጠበብ አደረገው። «ይኸው፣ አሁን ዓይንህም ጥርስህም እኩል ይወጣሉ። ፈገግ በል።» ሐኪሙ እንደ ማስታወቂያ ፈገግ አለ። አጎቴ አጉልቶ አየና ክፍሉ ሙሉ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አለ፦

«ዶክተር፣ ከላይ ሁለተኛው ጥርስህ ላይ ሰሊጥ አለ።»

 ቀድማ የፈነዳችው ጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ከዚያ ነርሶቹ፣ ከዚያ ያበጠ ጉንጯን በሁለት እጇ ደግፋ አንዲት ተረኛ። በመጨረሻ ሐኪሙ ራሱ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ፤ አጎቴም ቀጭ አደረገው። ግድግዳው ላይ በትልቁ የተሰቀለው ያ ፎቶ ነው፤ ሰሊጡን በኮምፒውተር ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የቀሩትንም በሙሉ ያነሳው እሱ ነው። እኔ ወንበር አቀባይ ሆኜ ዋልኩ።

ሌንሴ በሁለት ሳምንት ተጠግኖ መጣ። ካሜራዋ ግን ከአጎቴ እጅ አልወጣችም። ጎረቤት አልቀረው፣ ድመት አልቀረው፣ የተሰጣ ልብስ አልቀረው። ልቀበለው በሄድኩ ቁጥር «ሻይ ጠጪ» እያለ ያዘናጋኛል። አንድ ቀን ግን ራሱ ካሜራዋን ጭኔ ላይ አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፦ «ከዓይኔ ባነሳኋት ቁጥር ሁሉ ነገር ይጠፋብኛል። እሷ የምታየውን እኔ የማላይበት ምክንያት ምንድነው? እናትሽ የምትለው ሐኪም ቤት የት ነው?»

እናቴ፣ ታላቅ እህቱ፣ ስምንት ዓመት የለመነችው ይህንኑ ነበር። የዓይን ሞራ ነው ተባለ፤ በግማሽ ሰዓት ተገፈፈለት። በማግስቱ ነርሷ ፋሻውን ስትፈታለት እናቴ እንባዋ ተዘጋጅቶ ፊት ለፊቱ ቆማለች። አጎቴ ዓይኑን አርገበገበ፤ ትኩር ብሎ አያት።

«እንዴ! አንቺ መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?»

እናቴ ቦርሳዋን አነሳች።

«እትዬ፣ ኧረ ዓይኑን ብቻ ይተዉለት!» አለች ነርሷ።

እናቴም ትከሻውን መረጠች።