ቺቾ ብቻውን እንዳይበላ

አምለሰት ሮም ውስጥ ስንት አሮጊትና ስንት ሽማግሌ እንዳነሳች፣ ስንቱን እንዳስተኛች ቆጥራ አታውቅም። አይጥ አስታምማለሁ ብላ ግን በሕልሟም አላሰበችም። ቺቾ የሚባለው ሃምስተር፣ ጅራት የተነፈገ አይጥ በሉት፣ የአሠሪዋ የሲኞራ ብሩና ነው። ሲኞራ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ቺቾም በሃምስተር ዕድሜ ቢቆጠር ከእሳቸው አያንስም። የሽቦ ቤቱ በክፍሉ ካለችው ብቸኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እሱ ሲበላ እሳቸው አንድ ማንኪያ ይጎርሳሉ። እሱ ከተኛ እሳቸውም አፋቸውን ይዘጋሉ።

በሰኔ መጨረሻ የልጅ ልጃቸው አሌክስ ወደ ባሕር ሲሄድ የራሱን ጎረምሳ ሃምስተር አምጥቶ ኩሽና አስቀመጠ።

«አንድ ላይ እንዳታደርጊያቸው፣ ይጣላሉ» አላት።

«ቫ ቤኔ» አለችው። በአምለሰት አፍ ቫ ቤኔ ሰምቻለሁ ማለት እንጂ አምኛለሁ ማለት አይደለም።

ሦስት ቀን ታገሠች። ሽማግሌው መኝታ ቤት፣ ጎረምሳው ኩሽና፣ ለየብቻ ሲቆረጥሙ ማየት አንጀቷን በላው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ያደገ ሰው ይህን እንዴት ይችላል? ረቡዕ ጠዋት የቺቾን ቤት ለማጽዳት ኩሽና ስታወጣው ካሮት ከተፈችና ጎረምሳውን አቅፋ አስገባችለት።

«በሉ፣ ተጎራረሱ» አለቻቸው።

ጨርቅ አንስታ እስክትዞር ጎረምሳው ቺቾን በጀርባው ጥሎ ሆዱን ነክሶታል። ስታላቅቃቸው ጣቷም ተነከሰ።

ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቷ ነው። በሌላ ሐሙስ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ወርዳ ከጓደኛዋ ከንግሥት ጋር ቅመም እየመረጠች ስታወራ ትውል ነበር። ዛሬ ቺቾን በፎጣ ጠቅልላ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ውሃ ጠብ ስታደርግለት ዋለች። ለሲኞራ «ትንሽ አሞታል፣ እኔ ጋ ይተኛ» ብላቸው፣ እሳቸውም ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ደክሟታል። ሁለት በሽተኛ በአንድ ቤት፣ ሁለቱም አፋቸውን አልከፍት ብለው። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቺቾ እጇ ላይ ሞተ።

ለንግሥት ደወለች።

«አሎራ፣ ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አለቻት ንግሥት። «ሁለቱም ቡናማ ናቸው ብለሽኛል። የሴትዮዋ ዓይን ሞራ ነው። ጎረምሳውን አስገቢላቸውና ዝም በዪ፤ ለልጁ ሌላ ትገዢለታለሽ። የመኖሪያ ፔርሜሶሽ መስከረም ላይ ነው የሚታደሰው። ካባረሩሽ ያለ ኮንትራቶ ማን ያድስልሻል? ለአይጥ ብለሽ ጎዳና ልትወጪ ነው?»

እውነቷን ነው። አምለሰት ጎረምሳውን በእጇ ይዛ ወደ መኝታ ቤቱ ገባች። ሲኞራ ኮቴዋን ሰምተው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ቺቾ፣ ተሻለህ?»

መዳፉ ባዶውን ሲጠብቅ ስታይ አልሆነላትም። የሞተን አለ ብሎ ሰው እንዴት ያስታቅፋል?

«ሲኞራ፣ ይሄ ቺቾ አይደለም» አለች። «ቺቾ ሞቷል። ያስገደልኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ጋር አንድ ላይ አስገባሁት።»

«አሌክስ አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል። ብቻውን እንዳይበላ ብዬ ነው።»

ሲኞራ እጃቸውን ቀስ ብለው ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፉ። አምለሰት በሐሳቧ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደች።

«አንቺ የት ነው የምትበዪው?» አሉ በመጨረሻ።

«ኩሽና።»

«ከማን ጋር?»

ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ይህን የጠየቃት ሰው የለም። እንባዋ ቀደማት።

«ሾርባውን አሙቂው» አሉ ሲኞራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው። እሳቸውም እያለቀሱ ነበር። «ሁለት ሳህን አድርጊው።»

ጎረምሳውን ቦታው መልሳ፣ ሾርባውን አሙቃ፣ ሁለቱን ሳህን ይዛ ተመለሰች። የቺቾ ወንበር ባዶ ነበረች። አምለሰት በዚያ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠችና መጀመሪያ እሷ አንድ ማንኪያ ጎረሰች።